የመንገደኞች መርከብ ኢንሹራንስ በወደብ ይመርመር





በ1974 በአቴና የተደረገው የባሕር መንገደኞች ስምምነት በ2002 ተሻሽሎ ከ2014 ጀምሮ ጸንቷል (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ12 ሰው በላይ እንዲጭን የተፈቀደለት መርከብ ለእያንዳንዱ መንገደኛ በዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ቢያንስ 250,000 ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድዳል፤ ተጎጂውም የኢንሹራንሱን ኩባንያ በቀጥታ መክሰስ ይችላል። ደንቡስ መልካም ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ አፈጻጸሙ ነው።

በ2006 በቀይ ባሕር የሰመጠው አል ሰላም ቦካቺዮ 98 የፓናማ ባንዲራ የሰቀለ፣ ከሳዑዲ ዐረብ ወደ ግብፅ የሚሻገር መርከብ ነበር። 1,000 ያህል ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹም ከሥራ የሚመለሱ ድኾች ነበሩ። ፓናማ የተቀመጠ መዝጋቢ የቀይ ባሕርን ወደብ ከየት ያያል? ስለዚህ የስምምነቱ አባል የሆነ አገር ሁሉ፣ ግዴታውም ስለ ሆነ፣ የወደቡ ሹም መርከቡ ሳይነሣ የምስክር ወረቀቱን እንዲመረምር ማድረግ አለበት። ማኅተሙን አይቶ ማለፍም አይበቃም፤ ኩባንያው የመክፈል አቅም እንዳለው፣ የውሉም ቀን እንዳላለፈ ይጠይቅ። የጎደለበት መርከብ፣ ቲኬቱ ተሽጦ ቢያልቅም እንኳ፣ መልሕቁን አያንሣ። መንገደኛው ጥቂት ሰዓት ቢያጉረመርም ይሻላል፤ ባሏን ባሕር የወሰደባት ሴት የመርከቡን ባለቤት ፍለጋ በየአገሩ ፍርድ ቤት ልትንከራተት አይገባትም።

የዘወትር አንባቢዎ፤
ከአዲስ አበባ