«ጨጓራዬን ነው»

በአገራችን ብዙ ሰው የሚታመመው ምኑን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ጨጓራውን ነው እላችኋለሁ። ስለ እውነተኛው የጨጓራ ሕመም አይደለም የምናገረው፤ እሱ የራሱ ምርመራና መድኃኒት አለው። እኔ የምለው፣ ሌሊቱን ጣራ ሲቆጥር ያደረ፣ እህል አልወርድ ያለው፣ ሰው መካከል ተቀምጦ ለብቻው የሚቆዝም ሰው «ምነው ከሳህ?» ሲባል የሚመልሳትን ያችን አጭር መልስ ነው። «ጨጓራዬን ነው።» ጠያቂው ይረካል፤ ታማሚውም ከጥያቄው ይድናል። ከሕመሙ ግን አይድንም።

እኔም ሰባት ወር ሙሉ ጨጓራዬን ታምሜአለሁ።

የግንደወይን ሰው ነኝ፤ መተዳደሪያዬ መምህርነት ነው። በዚያ ሰሞን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እነቃና እስኪነጋ ድረስ ጥፋቶቼን ስቆጥር አድር ነበር። የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ሳይታረም ሦስት ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ተከመረ። ማኅበር ስጠራ የተቀዳልኝን ጠላ ሳልነካው እመለሳለሁ። በመጨረሻም «እኔ ባልኖር ማን ይጎዳል?» የሚል ሐሳብ እንደ እንግዳ መጥቶ እንደ ቤተኛ ተቀመጠ።

ታዲያ ሐኪም ዘንድ አልሄድክም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሄጃለሁ፤ ያውም ሁለት ጊዜ! በመጀመሪያው፣ አግዳሚው ወንበር ላይ የተማሪዬ እናት፣ የእድራችን ጸሐፊና አንዲት ጎረቤቴ ተደርድረው ጠበቁኝ። «መምህር፣ ምን ሆነው ነው?» አሉኝ። «ጨጓራዬን ነው» አልኩ። ውሸቱ ተከትሎኝ ገባ፤ ለመረመረኝም ባለሙያ ያንኑ ደገምኩለት። እሱም የነገርኩትን አምኖ ኦሜፕራዞል አዘዘልኝ። በሁለተኛው ጊዜ የሚያውቀኝ ሰው በሌለበት ይሻላል ብዬ በሚኒባስ ሞጣ ድረስ ሄድኩ። ወረፋ ስጠብቅ የሥራ ባልደረባዬ አማች መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ምን እንዳልኩት ታውቁታላችሁ።

የፈራሁት ምንድን ነው? መርፌውን አልፈራሁም፤ ሐኪሙንም አልፈራሁም። የፈራሁት አግዳሚውን ነው። አግዳሚው ላይ ያለነው ደግሞ እኛው ነን።

ቋንቋችንን እንኳ ተመልከቱ። አሰልቺ ስብሰባ «ይደብራል»፤ ከአልጋው መነሣት ያቃተው ሰውም «ደብሮኛል» ይላል። ሁለቱን በአንድ ቃል ስለጠቀለልናቸው ሁለተኛውንም «ወጣ ብለህ ንፋስ ተቀበል» ብለን እናሰናብተዋለን። ባለሙያዎች «ድባቴ» የሚል ስም አውጥተው ከመሰላቸት ሊለዩልን ሞክረዋል፤ እኛ ግን ከድብርት ከፍ ያለውን ሁሉ «እብደት» ብለን ዘግተነዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመውና ለአሠርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል፣ የተሸከመው ስም «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው። እኛ ደግሞ ከዚያ ስም «ለአማኑኤል ነው» የሚል ስድብ አወጣን። የታመመን ሰው በማን ስም እንደምንሰድብ አስተውለን እናውቃለን?

ፍርሃቱ የእኔ ብቻ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የቡታጅራ ጥናት፣ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ዘመዶች ጠይቆ ነበር፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ተናገሩ። ዘመድ እንዲህ ካለ ታማሚው ምን ይበል?

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ብለን እንኮራለን፤ ከቢቸና ብዙ የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስም የሊቃውንት ደብር ነው። ሰሙን ከወርቁ መለየት የለመደ ሕዝብ የራሱን ሕመም ሲናገር ግን ሰሙን ብቻ ሰጥቶ ወርቁን ይዞ ይመለሳል። ራስ ምታቱ፣ ማቃጠሉ፣ የወገብ ሕመሙ፣ ድካሙ ሰም ነው። ሐኪም ያልነገርነውን እንዲፈታልን ልንጠብቅ አይገባም።

«ሆድ ከአገር ይሰፋል» የሚለውን ብሂል ምሥጢር ለመጠበቅ ካዋሉት እቀበለዋለሁ፤ ሕመም ለመሸሸግ ከሆነ ግን ከተናጋሪው ጋር እጣላለሁ። ሆድ ልክ አለው። «ቻለው፣ ወንድ አይደለህ?» የሚሉን ወዳጆችም እግሩ ለተሰበረ ሰው እንዲህ አይሉም፤ ወጌሻ ይጠራሉ እንጂ።

«ጠበል እያለ ሐኪም ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። እኔም ይህን ለንስሐ አባቴ አንሥቼላቸው ነበር። «ልጄ፣ ጠበሉን ማን ከለከለህ? ተጠመቅ፤ ሐኪም ዘንድም ሂድ» አሉኝ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን እንድናከብር ያዛል። ነቢዩ ኤልያስም ደክሞት ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እንዲተኛም ተወው። ድካሙን እምነት ማጣት ነው ያለው ማንም የለም።

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ምላሴን አላመንኩትምና ወረቀት ይዤ ገባሁ። የመጀመሪያው መስመር «ጨጓራዬን አይደለም» ይላል። ከሥሩ እንቅልፌን፣ ምግቤን፣ ያንን ቤተኛ የሆነ ሐሳብ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ጽፌ ነበር። የአእምሮ ጤና ነርሱ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበ። አልደነገጠም። «ሞትን ተመኝተው ያውቃሉ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሌላው ሰው «ትኩሳት አለዎት?» በሚልበት ድምፅ ነበር። እውነቱን ነገርኩት። ሰንሰለት አልመጣም፤ የመጣው ክኒን ነው። መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት እንደሚፈልግ፣ ሱስ እንደማይሆን፣ ሲሻለኝም ሳልነግረው በድንገት እንዳላቋርጥ አስረዳኝ፤ በቀጠሮም እያገኘ አወያየኝ። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ዓይኔን ስገልጥ ውጭው ነግቷል። ዘጠኝ ሰዓት እኔን ሳይቀሰቅሰኝ አልፎ ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ኀዘኑ ወይም የነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየብህ አትጠብቅ። ከፈራህ ጻፈው። ብቻህን ካቃተህ የምታምነውን አንድ ሰው ይዘህ ሂድ። ዋናውን ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገር፤ ኋላ እናገረዋለሁ ያልከው በር ላይ ይቀራል። ሞትን እያሰብክ ከሆነማ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር፣ ዛሬውኑ ሂድ።

አግዳሚው ላይ ላለነውም አንድ ቃል አለኝ። በዓለም በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል። እድራችን ለቀብር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው። ለቀስተኛውን በአንድ ሰዓት ጥሩምባ ይሰበስባል። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው የመሳፈሪያ ገንዘብ ሲያጣ ግን ያ ሁሉ ንብረት ተቆልፎ ይቀመጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ከተቀሰቀሰው ጦርነት ወዲህ በስንቱ ቤት ሐዘን እንደገባ እያየን፣ ሰው እስኪሞት ጠብቆ የሚደርስ ደግነት ምን ይሉታል? እድሮቻችን በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይነጋገሩበት። እስከዚያው ቢያንስ ወረፋ ላይ ያገኘነውን ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ማለቱን ትተን «እግዜር ይማርህ» ብለን ፈቀቅ እንበልለት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት አባቶቻችን የጨጓራን ብቻ ብለው አልለዩም።

ቸር ይግጠመን።