በሽተኛ የነበረው ልጅ የጤና መምህር እንደ ኾነ

በቤተ ሰብ ላይ ከሚደርሰው ሐዘን ሁሉ የሚከብደው ልጅ በወላጆቹ ዐይን ፊት ሲመነምን ማየት ነው። በሽታው ስም ያለው ሲኾን ሐኪም ይጠራል፤ መድኃኒትም ይታዘዛል። ነገር ግን ልጁ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደክም፥ በትንሹም በትልቁም የሚቈጣ፥ ከትምህርት ቤት የሚሸሽ፥ ከእኩዮቹም ጋራ መጫወት የማይችል የኾነ እንደ ኾነ፥ አባት አለንጋ ያነሣል፤ እናት ታለቅሳለች፤ ጎረቤትም «ይህስ አመሉ ነው፤ ተዉት» ይላል። እኛም ዛሬ በዚህ ገጽ የምንተርከው፥ እንደዚሁ ተስፋ የተቈረጠበት አንድ ልጅ ለአያሌ ሰዎች የጤናና የሰውነት ማጠንከሪያ መምህር ለመኾን እንዴት እንደ በቃ ነው። ስሙም ጃክ ላሌን ይባላል።

ጃክ ላሌን በ1914 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተወለደ። በዚህ ጽሑፍ የምናወሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። አባቱና እናቱ ከፈረንሳይ አገር ከደቡብ ምዕራብ ክፍል የሄዱ ስደተኞች ነበሩ። በቤከርስፊልድ አጠገብ በግ ያረቡ ነበር፤ ነገር ግን አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ስለ ገባባቸው እርሻውን አጡና ወደ በርክሌይ ከተማ ተዛወሩ። በዚያም ጊዜ የቤቱ ጭንቀት የገንዘብ ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ታናሹም ልጅ ነበር እንጂ።

ላሌን በኋላ ዘመን ስለ ልጅነቱ ሲናገር፥ ምግቡ ኬክ፥ ከረሜላና አይስክሬም እንደ ነበረ አይሸሽግም። ጣፋጭ ይወድ ነበር ማለት አይበቃም፤ ሰካራም መጠጡን እንደሚሻ ይሻው ነበር። ራሱን ያመው ነበር፤ ፊቱ ብጉር፥ ሰውነቱም እባጭ ይበዛበት ነበር፤ ከመክሳቱም የተነሣ የሠፈሩ ልጆች፥ ሴቶቹም ሳይቀሩ፥ ይመቱት ነበር። ቍጣውም ልክ አልነበረውም፤ በወንድሙ ላይ መጥረቢያ እስከ ማንሣት፥ የወላጆቹንም ቤት በእሳት ለማቃጠል እስከ መሞከር ደርሶ ነበር። በ14 ዓመቱም ትምህርቱን ትቶ ለጥቂት ወራት ከቤት ዋለ።

ይህን ሁሉ የተናገረው እርሱ ራሱ ነው። ሰው ከዳነ በኋላ የቀድሞ በሽታውን ሲያወራ ጥቂት አክብዶ ማውራቱ የታወቀ ስለ ኾነ፥ አንባቢ ከዚህ ላይ ትንሽ ቢቀንስ አንቀየምም። ደግሞም የልጁን ቍጣ ሁሉ ያመጣው ስኳር ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ በዘመናችን የተደረጉት ምርመራዎች ስኳር ብቻውን የልጆችን ጠባይ እንደሚያበላሽ አላረጋገጡም። ጥርስን እንደሚያበላሽ፥ የሰውነትንም ውፍረት እንደሚያበዛ ግን የሚክድ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ኀይል ከዐሥር አንዱን እጅ እንዳያልፍ ወስኗል። ይህም ለአንድ ዐዋቂ ሰው ሲሰላ 50 ግራም ወይም 12 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በቀን ስድስት ስኒ ሻይ የሚጠጣና በየስኒው ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ጌታ፥ ሌላ ጣፋጭ ነገር ሳይቀምስ በሻዩ ብቻ ከወሰኑ ደርሷል ማለት ነው። ለእንግዳ ክብር ተብሎ በሦስተኛው ማንኪያ ላይ የሚደረገውን ግብግብ እንግዲህ አንባቢዎቻችን ራሳቸው ያስቡት።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ልጁ 15 ዓመት ሲኾነው እናቱ ፖል ብራግ የሚባል ሰው ስለ ምግብና ስለ ጤና የሚሰጠውን ንግግር እንዲሰማ ወደ ኦክላንድ ከተማ ይዛው ሄደች። ሲደርሱ አዳራሹ ሞልቶ መቀመጫ ጠፋ። ልጁም ብጉሩን ሰው እንዳያይበት ይፈራ ስለ ነበር ወደ ቤቱ ለመመለስ ደስ አለው። ነገር ግን ተናጋሪው ሁለቱን አይቶ ወንበር አስመጣና ከመድረኩ ላይ፥ በሕዝቡ ሁሉ ፊት አስቀመጣቸው። ከዚህ የሚበልጥ ኀፍረት ለዚያ ልጅ አልነበረም። ከንግግሩ በኋላ ብራግ ልጁን ለብቻው ጠርቶ ምን እንደሚበላ ጠየቀው፤ ልጁም የጣፋጩን ዐይነት ቈጠረለት። ሰውየውም ሆዱን የጥራጊ መጣያ እንዳደረገው ሳያባብል ነገረው፤ ነገር ግን ቢታዘዝ ብርቱ ሰው ሊኾን እንደሚችል ጨመረለት። ልጁም ያን ሌሊት ተንበርክኮ ጸለየ፤ የለመነውም ጣፋጩ በፊቱ በቀረበ ጊዜ እንቢ የሚልበትን ኀይል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ለእውነት አድልዎ ይኾንብናል። ይህ ፖል ብራግ ራሱ ፍጹም ሰው አልነበረም፤ በ1895 ዓ.ም. የተወለደ ሲኾን በ1881 ተወለድሁ እያለ በዕድሜው ላይ 14 ዓመት ጨምሮ ለሕዝብ ይናገር ነበር፤ ይህንም ያደረገው በሰውነቱ ጥንካሬ ሰው እንዲደነቅ ነው። እናት ግን የተናጋሪውን የልደት ቀን ለመመርመር አልሄደችም። አለንጋና ልቅሶ ያላዳኑትን ልጅ ይዛ ሌላ በር ለማንኳኳት ሄደች፤ መቀመጫ በጠፋም ጊዜ ለመመለስ አልቸኰለችም። እኛ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህች ሴት ከአዳራሹ ደጃፍ ላይ መቆየቷ ባይረሳ እንወዳለን።

ከዚያ ቀን ዠምሮ ልጁ ስኳርና ነጭ ዱቄት ተወ፤ አትክልትና ፍራፍሬም ምግቡ ኾነ። ወደ ትምህርት ቤቱም ተመለሰ። በበርክሌይ በነበረው በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ቤት ሁለት ሰዎች የብረት ክብደት ሲያነሡ አይቶ ልሞክር ቢላቸው፥ «አንተ ልጅ አትችለውም» ብለው ሣጥናቸውን ቈለፉበት። እርሱም ሁለቱንም በትግል ቢጥል ቍልፉን እንዲሰጡት ተወራረደ፤ ጣላቸውም፤ ቍልፉንም ተቀበለ። ደግሞ ግሬይ የሚባለው ሐኪም ስለ ሰው አካል አሠራር የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ያጠና ነበር፤ በኋላም በሳን ፍራንሲስኮ አጥንትንና መገጣጠሚያን በእጅ የማከም ትምህርት ተምሮ ምስክር ወረቀት ተቀበለ። ክንዱን ብቻ ያጠነከረ ሰው ብዙ ነው፤ ክንዱ ምን እንደሚሠራው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በቤታቸውም ግቢ ክብደት ሰብስቦ ፖሊሶችንና እሳት አጥፊዎችን ማሠራት ዠመረ።

በ1936 ዓ.ም. ገና በ21 ዓመቱ በኦክላንድ አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ በወር 45 ዶላር ተከራይቶ የሰውነት ማጠንከሪያ ቤት ከፈተ። በዚያው ቤት የፍራፍሬ ጭማቂና ለጤና የሚስማማ ምግብም ይሸጥ ነበር። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ቤት የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፥ ገበያው ቀርቶ ስድቡ በዛበት። ሐኪሞች ክብደት የሚያነሣ ሰው ልቡ ይታመማል፤ ሴትም ብታነሣ ወንድ ትመስላለች እያሉ ያስጠነቅቁ ነበር። የስፖርት አሠልጣኞች ደግሞ ጡንቻ መተሳሰርን ያመጣል በማለት ተጫዋቾቻቸውን ከደጁ እንዳይደርሱ ከለከሏቸው፤ ስለዚህ ላሌን የቤቱን ቍልፍ ለተጫዋቾቹ እየሰጠ ሌሊት በድብቅ ይሠሩ ነበር። ቤቱ ባዶ እንዳይውልም ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄደ እጅግ የወፈሩትንና እጅግ የከሱትን ልጆች ይመርጥ ነበር፤ ከዚያም ወደ ወላጆቻቸው ቤት ሄዶ ልጃችሁን ስጡኝ ይላቸው ነበር። ከሱትን መምረጡ አያስደንቅም። በመስተዋት የሚያውቀው መልክ ነበርና።

የዛሬ ሐኪሞች ነገር ግን በዚህ ጕዳይ ከእርሱ ጋራ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፥ ዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንደ ፈጣን እርምጃ ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፥ ከዚህም ሌላ በሳምንት ሁለት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል፤ ይህም ለወንድም ለሴትም፥ ለሸመገለም ሰው ነው። ምክንያቱም ጡንቻ ካልሠራ ከዕድሜ ጋራ እየሟሸሸ ስለሚሄድ፥ አረጋዊ ከመቀመጫው የሚነሣበትን፥ ሲደናቀፍም ሳይወድቅ የሚቆምበትን ኀይል ያጣል።

ላሌን የእግርን ጡንቻ የሚያሠራ መኪናና በገመድ የሚጐተት ክብደት አሠራ፤ ባለመብትነቱን ግን አላስመዘገበም። በዚህ ሌሎች ሰዎች ብዙ ገንዘብ አተረፉ።

ከሥራው ሁሉ እኛ የምናስበልጠው በ1951 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የቴሌቪዥን ጣቢያ የዠመረውን ትምህርት ነው። በመዠመሪያ የማስተላለፊያውን ሰዓት ከራሱ ገንዘብ ይከፍል ነበር። ከ1959 ዓ.ም. ወዲህ በመላው አሜሪካ ይታይ ዠመር፤ እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስም ቀጠለ። ጠዋት ባል ወደ ሥራው ሲሄድ፥ እመቤቲቱ ከልጆቿ ጋራ በቤት ስትቀር ነበር የሚታየው። ላሌን ሃፒ የምትባል ነጭ ውሻ ነበረችው፤ ልጆቹ ውሻዋን ለማየት ወደ ቴሌቪዥኑ ሲሮጡ፥ እርሱ ሄዳችሁ እናታችሁን ጥሩ ይላቸው ነበር። እናቲቱም ስትመጣ ብረት ወይም መኪና አያሳያትም፤ አንድ ተራ የምግብ ቤት ወንበር ያቀርባል እንጂ። ወንበሩን ተደግፎ እግርን ማንሣት፥ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያለ እጅ ድጋፍ መነሣትና መልሶ መቀመጥ፥ ይህን የመሰለ ነው። ገንዘብና ጊዜ የሌላት ሴት ልታደርገው የማትችለውን አላዘዘም።

በዚሁ በጣቢያ ሥራ ላይ ኢሌይን የምትባል ሴት አገኘ። በተገናኙ ጊዜ ሲጋራ ታጨስና ጣፋጭ ዳቦ ትበላ ነበር፤ እርሱም ገሠጻት፤ እርስዋም ነገሩን ተቀብላ ሲጋራውን ተወች፤ በ1959 ዓ.ም. ተጋቡ። ከዚያ በኋላም በሥራው ሁሉ አጋዡ ነበረች። ይህን የምናነሣው ባሎች ሚስቶቻቸውን በማዕድ ላይ እንዲገሥጹ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ውጤቱ ጋብቻ ሳይኾን ጠብ ነውና።

ጋዜጦች ይበልጥ የጻፉለት ስለ ትርኢቱ ነው። በ1956 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ፊት በ23 ደቂቃ 1,033 ጊዜ መሬት ላይ ተዘርግቶ በእጁ ተነሣ። በ1984 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ እጁና እግሩ ታስሮ 70 ሰዎች የተሳፈሩባቸውን 70 ጀልባዎች እየዋኘ ጐተተ። ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ ግን ማንም እንዲከተለው አንመክርም፤ እርሱም ያደረገው ሰው ዞር ብሎ ወንበሩን እንዲያይ ይመስለናል።

ቀኑን ሙሉ በመዝገብ ፊት ተቀምጠው ለሚውሉ አንባቢዎቻችን ወንበር እንደማይቸግራቸው እናውቃለን። ልብ የሚያማቸው ወይም ጕልበታቸው የሚያስቸግራቸው አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ሌሎቹ ግን ከአንዱ ጕዳይ ወደ ሌላው ከመሸጋገራቸው በፊት፥ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አጣጥፈው ዐሥር ጊዜ ቢነሡና ቢቀመጡ ባለጕዳዩ ብዙ አይዘገይበትም። ጸሐፊው ቢስቅ ደግሞ እርሱም አብሮ ይሞክር።

ጃክ ላሌን በጥር ወር 2011 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሞሮ ቤይ በቤቱ ሳለ በሳንባ ምች ሞተ። ዕድሜውም 96 ዓመት ነበር። ቤተ ሰቡ እንደ ተናገሩት፥ በዋዜማው ዕለት የዘወትሩን የሰውነት ማጠንከሪያ ሥራውን ሠርቶ ነበር።