ጡሩምባው ለሞተ ብቻ ነው ወይ?

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው የገበያ ቀን በሰፈራችን የሆነውን ያልሰማ የለም። ሆኖም ወሬው እንደየአፉ ስለ ሆነ፣ ግማሹም ሰው እናትየዋን ለመኮነኛ ስላደረገው፣ እኛ የማኅበሩ ሥራ መሪዎች ነገሩን እንደ ሆነው ጽፈን እዚህ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድደናል። ስንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ከሁሉ ፊት ጥፋቱ የኛ የራሳችን ነው።

ከጧቱ 5 ሰዓት ግድም አንድ የ4 ዓመት ወንድ ልጅ፣ እናቱ እንጀራ ስትጋግር፣ ከደጅ ተሰወረ። እናት ጓሮውን አየች፣ ጎረቤት ቤት ብቅ አለች፣ እስከ ወራጁ ውኃ ወረደች። አንድ ሰዓት ሙሉ ለማንም ሳትናገር ብቻዋን ዞረች። ለምን አልጮኽሽም ብንላት፣ «ልጇን ጥላ ምን ትሠራ ነበር እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው» አለችን። ይህን ቃል ሰው ሁሉ ልብ ይበልልን። አንዲት እናት ልጇ ጠፍቶ እያለ የፈራችው ጅብን አይደለም፣ ሌባንም አይደለም፤ የፈራችው እኛን ነው።

በመጨረሻ ስትጮኽ ሰው ተሰበሰበ። ተሰብስቦስ ምን አደረገ? አንዱ «ልጅ አይደል፣ ሲርበው ይመጣል» አለ። ሌላው «አባቱን ተከትሎ ገበያ ወርዶ ነው» አለ። ሦስተኛው፣ ከተማ ኖሮ የመጣ ነው፣ «24 ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ አይቀበልም» ብሎ አዋቂ መስሎ ተናገረ። አንዷ ደግሞ ወደ ጠንቋይ ትሂድ ብላ መከረች፤ ገንዘቡንም አበድራለሁ አለች። ለማመልከት የሮጡትን ሁለት ጎረምሶች በር ላይ ያገኙት ሰው «ትንሽ ጠብቁና ከመሸ ኑ» ብሎ መለሳቸው።

ወደ ማኅበሩ የመጡት በ8 ሰዓት ነው። ጡሩምባው ሣጥን ውስጥ ነው፣ የሣጥኑ ቁልፍ ያለው ሰው ገበያ ወርዷል። ይህ አንድ። ሁለተኛውና የባሰው ግን እኛ ቆመን መከራከራችን ነው። መተዳደሪያ ደንባችን «ጡሩምባ የሚነፋው አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ነው» ይላል። ከመካከላችን አንዳንዱ በሕይወት ላለ ልጅ ጡሩምባ መንፋት ሟርት ነው አለ። በዚህ ሙግት አንድ ሰዓት አለፈ። ልጁ ከቤቱ ወጥቷል፣ እኛ አንቀጽ እንቆጥራለን!

ልጁ በ11 ሰዓት ተገኘ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የተገኘው ከገበያው በታች ከአንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ነው። ሴትዮዋ ቀትር ላይ ከሸክላ ተራው ጫፍ ሲያለቅስ አግኝታው፣ ዳቦ አብልታ፣ ከደጃፏ አስቀምጣዋለች። «የማን ልጅ ነህ?» ብትለው «የእማዬ»። «እማዬ ማን ትባላለች?» ብትለው «እማዬ»። ሴትዮዋ የነገረችንን እንደ ወረደ እንጽፈዋለን። «ልጅ የጠፋበት ሰው አለ ሲባል ብሰማ አዝዬው እመጣ ነበር። ጆሮዬን ጥዬ ዋልሁ፤ ምንም የሰማሁት የለም።» ከቤቷ እስከ ማኅበራችን ደጅ ያለው መንገድ ለቀብር ጡሩምባ ሲነፋ ቁልጭ ብሎ የሚሰማበት ነው። ለቀብር ስንት ጊዜ ሰምታ መጥታልናለች እኮ።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንግባ።

ሟርት ነው ለሚሉት አባቶች በክብር እንመልሳለን። ጡሩምባ ሞትን አይጠራም፤ ሰው ነው የሚጠራው። ሞት ቀድሞ ከመጣ በኋላ የሚነፋ ስለ ሆነ ነው ጆሯችን ከሞት ጋር ያቆራኘው። ማኅበራችን ለሞተ ሰው ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ገንዘብም አለው። ለጠፋ ልጅ ምን አለው? ለቀብር ያልመጣ አባል ይቀጣል፤ ደረሰኝ ቆርጠን እናስከፍላለን። ለፍለጋ ያልወጣን ሰው ግን እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም። አባቶቻችን ከብት ሲሰረቅ አገሬው ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ዛሬም በሬ ሲጠፋ ኮቴውን ተከትለን ገደል እንወርዳለን። ለበሬ የሚወጣ አገር ለልጅ ቁጭ ብሎ ይመክራል?

24 ሰዓት ስለሚሉትም እንናገር። ይህ ነገር ከፊልም የመጣ ይመስለናል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 22፣ ፖሊስ ወንጀል መሠራቱን ሲያውቅ ወይም ሲጠረጥር ምርመራ እንዲጀምር፣ የደረሰው ወሬ አጠራጣሪ ቢመስለው እንኳ ሥራውን እንዲሠራ ነበር ያዘዘው። 24 ሰዓት ጠብቅ የሚል ቃል የለበትም። ፊልሙ የሚሠራበት አሜሪካ ራሱ በፈረንጆቹ 1990 ባወጣው ሕግ ፖሊስ የጠፋ ልጅ ጥቆማ ለመቀበል የጥበቃ ሰዓት እንዳያበጅ ከልክሏል። ስለዚህ ወደፊት «ጠብቁ» የሚል ሰው ቢያጋጥም፣ ሰዓቱንና የተባለውን ጽፋችሁ ለማኅበሩ አምጡ፤ ከሽማግሌ ጋር አብረን እንሄዳለን።

እዚያው አሜሪካ ያለውን ደግሞ ስሙ። በ1996 በቴክሳስ፣ አርሊንግተን በምትባል ከተማ፣ አምበር የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ተሰረቀች፤ ከአራት ቀን በኋላ ሬሳዋ ተገኘ። ያን ጊዜ አንዲት የአካባቢው ነዋሪ ለሬዲዮ ጣቢያ ደውላ፣ ልጅ ሲሰረቅ ለምን ፕሮግራም ተቋርጦ ወዲያው ለሕዝብ አይነገርም ብላ አሳሰበች። ባለሥልጣን አይደለችም፤ እንደኔና እንዳንተ ያለች ነዋሪ ናት። ከዚያ የተነሣ በልጅቱ ስም የሚጠራ የጥሪ ደንብ ወጣ፤ ዛሬ በብዙ አገር ስልክ ሁሉ ላይ ይጮኻል። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት በ1997 ባወጣው ጥናት፣ ተሰርቀው ከተገደሉት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሞቱት በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ነው። ከአሥሩ በስድስቱ ደግሞ ፖሊስ የሰማው ልጁ መጥፋቱ ከታወቀ ከ2 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። እንዲህ ያለ ክፉ ነገር በብዛት አይደርስም፤ አብዛኛው የጠፋ ልጅ እንደኛው ልጅ ከአንድ ደጃፍ ላይ ይገኛል። ቢሆንም የትኛው እንደ ሆነ በመጀመሪያው ሰዓት ማን ያውቃል? እኛ 3 ሰዓት ያጠፋነው ገና ወደ ሣጥኑ ሳንደርስ ነው።

ሩቅ አገር ምን አስኬደን? በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በጎንደር ከተማ አንዲት ሕፃን ታግታ፣ ማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠይቆባት፣ በኋላ ተገድላ ተገኘች። የከተማው ሕዝብ በቁጣ አደባባይ ወጣ። የጎንደርን ሰው አንወቅስም፤ ያዘነ ሰው ምን ያድርግ። ግን ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ጩኸታችን ወደ ፊት ይቅደም ነው የምንለው።

ሌላም የለመድነው ማዘናጊያ አለ። አገራችን ጎጃም የቆሎ ተማሪ አገር ናት። ልጅ ለአባት ለእናቱ ሳይነግር አኩፋዳውን አንግቶ ቅኔ ቤት መግባቱ የኖረ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ መሪጌታ ሆኖ የተመለሰም አለ። ከዚህ የተነሣ ልጅ ሲጠፋ «ትምህርት ሄዶ ነው» ማለት ለመደብን። በዚህም ወቅት አንድ ሽማግሌ ይህንኑ ብለዋል። ታዲያ የ4 ዓመት ሕፃን ቅኔ ሊዘርፍ ሄደ? ከፍ ያሉትም ቢሆኑ፣ «ትምህርት ሄዱ» ከተባሉት ውስጥ በደላላ ተወስደው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ጫማ ሲጠርጉ፣ ሰው ቤት ሲያገለግሉ የተገኙ አሉ።

አሁን ከባዱ ተቃውሞ። አንድ አባል እንዲህ ብለውናል፤ «ጡሩምባ ነፍታችሁ ልጅ ተሰረቀ ካላችሁ፣ መንገደኛ ሁሉ በዱላ ይሞታል።» ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ ልናቃልለው አንችልም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. እዚሁ ጎጃም፣ በሰሜን ሜጫ ወረዳ አዲስ ዓለም ላይ፣ ለምርምር የመጡ ሁለት ሰዎች ተማሪ ልጆችን ሊጎዱ መጡ በሚል ወሬ በሰው እጅ ተገደሉ። እነዚያም እናት ያላቸው ልጆች ነበሩ። ይህን ስናስብ እኛም ወደ ኋላ ብለን ነበር። በኋላ ግን ስንመረምረው፣ እዚያ ሰው የገደለው ባለቤት የሌለው ወሬ ነው። ጥሪያችን ባለቤት ካለው፣ ቃሉም ከተወሰነ፣ ወሬን ያቆማል እንጂ አያስነሣም። ስለዚህ ለፋፊው «ተሰረቀ» ብሎ አይጠራም። «ልጅ ጠፍቷል» ይላል፤ የልጁን ስም፣ ዕድሜ፣ የለበሰውን፣ በመጨረሻ የታየበትን ቦታና ሰዓት ይናገራል፤ በቃ። የተጠረጠረ ሰው ቢኖር ለፖሊስ ይሰጣል። እጁን ያነሣ አባል ከማኅበሩ ይሰረዛል፤ ቀብሩንም አናስፈጽም። ይህን ስንል በቁም ነገር ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። ከ7 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሲጠፋ ቤትና ጎረቤት እሩብ ሰዓት ይፈለጋል። እሩብ ሰዓት ያልነው ያለ ነገር ጡሩምባው እየተነፋ ጆሮ እንዳይለምደው ነው። ካልተገኘ ማንንም ሳያስፈቅድ ጡሩምባ ይነፋል። ለቀብር የሚነፋው ረጅም ነው፤ ይህ አጭር አጭር ሦስት ጊዜ ይሁን፣ አሮጊቶቻችንም አይደንግጡ። ሲነፋ ሁለት ሰው ወደ ፖሊስ ይሮጣል፤ ሁለት ሁለት ሰው መናኸሪያው በር ላይ፣ በሞጣና በቢቸና መውጫ ላይ ይቆማል። ወንዝ ዳርና ጉድጓድ መጀመሪያ ይታይ፤ ውኃ ጊዜ አይሰጥም። ልጁ ሲገኝም ጡሩምባው ይነፋና ሰው ይበተን።

ስልክ አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ ምን ያደርጋል ጡሩምባ የሚሉ ወጣቶች አሉ። ፎቶግራፍ በስልክ መላኩ መልካም ነው፤ ማን ጠላ። ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በክልላችን ለአንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበር ረሳችሁት? ያቺ ጠላ ሻጭስ የምን ቴሌግራም አላት? ያላት ጆሮ ነው።

ወላጆችም ልጃችሁ «የእማዬ» ከማለት አልፎ ስሙን ከነአባቱ፣ የእናቱን ስምና የሰፈሩን ቤተ ክርስቲያን እንዲናገር አስጠኑት። ማታ ማታ ከእራት በኋላ ማስደገም ነው፤ በሳምንት ይይዘዋል።

እናትየዋን በተመለከተ፣ በቡና ላይ ስሟን እያነሣችሁ ያላችሁ እባካችሁ ተዉ። የሚቀጥለዋ እናት አንድ ሰዓት ዝም የምትለው እናንተን ሰምታ ነው።

የደንቡ ማሻሻያ በመጪው ወርኃዊ ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል፤ የምትቃወሙም መጥታችሁ ተቃወሙ። እስከዚያው ጡሩምባው ከሣጥኑ ወጥቶ በለፋፊያችን ቤት በር ውስጥ በቀኝ በኩል ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው ባይኖሩ ባለቤታቸው ይሰጣሉ፤ መንፋትም ይችላሉ፣ ሞክረናቸዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ጉንደ ወይን