ወረቀቱን ማን ያነብላቸዋል?

በዚህ እትም የምንነጋገረው ስለ እናቶቻችን ነው። በተለይም ዕድሜያቸው ሃምሳን ስለ ተሻገረ፣ ልጆቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ስላበቁ፣ ነገር ግን ፊደል ለመቁጠር ዕድል ስላላገኙ እናቶች።

የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ሲነሣ "እናቶች ለምን አይመጡም?" የሚል ጥያቄ አይጠፋም። መልሱም ብዙ ጊዜ የተዘጋጀ ነው፤ ይፈራሉ፣ ያፍራሉ፣ ቸል ይላሉ ይባላል። ፍርሃቱም ኀፍረቱም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ የማይነገርለት ሌላ ምክንያት አለ። ከቤት ተነሥቶ እስከ ምርመራው አልጋ ድረስ ያለው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጽሑፍ የተሠራ ነው።

እስቲ አንዲት የ58 ዓመት እናት በሐሳባችን እንከተል። በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ እርሳቸው የሚያዩት ግን ቀለሙንና ነጭ ጋዋን የለበሰችውን ሴት ሥዕል ብቻ ነው። ካርድ ክፍል ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ "ንጉሡ ሲወርዱ የወተት ጥርሴ ይረግፍ ነበር" ይላሉ፤ ካርድ የምታወጣው ልጅም የመሰላትን ቁጥር ትሞላለች። "ክፍል ቁጥር 14 ይሂዱ" ይባላሉ። ሰው ተከትለው ሌላ ወረፋ ላይ ይቆሙና ግማሽ ቀን ያልፋል። ተራቸው ሲደርስ ደግሞ "እዚህ ጋ ይፈርሙ" የሚል ወረቀት ይቀርብላቸዋል፤ የልጅ ልጃቸው በምትሆን ነርስ ፊት አውራ ጣታቸውን ቀለም መንከር ሊኖርባቸው ነው። ምርመራው ግን ገና አልተጀመረም!

እኒህ እናት "ማንበብ አልችልም" አይሉም። "መነፅሬን ረስቼ መጣሁ" ይላሉ፤ መነፅር ኖሯቸው ባያውቅም። "ቤት ወስጄ ከልጄ ጋር አየዋለሁ" ይላሉ። ወይም አንገታቸውን እየነቀነቁ "እሺ፣ እሺ" ብለው ይወጡና በዚያው ይቀራሉ። ባለሙያው የሚያስበው ገብቷቸው እንደ ሄዱ ነው። በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው የሚመጡ፣ ጥቅስ ሲጠራ ገጹን አብረው የሚገልጡ፣ ነገር ግን አንዱን ፊደል ከሌላው የማይለዩ እናቶች አሉ። አጠገባቸው ተቀምጠን ዓመታት እንዘምራለን፤ አናውቅም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሜዲኬር በተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ሥር ባሉ ሰዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ ነበር። የጤና ጽሑፍ አንብቦ የመረዳት ችሎታቸው ዝቅተኛ የሆነ ሴቶች የጡት ካንሰርን የሚፈልገውን ማሞግራምም ሆነ የማኅፀን በርን የሚመለከተውን ፓፕ ስሚር ሳያደርጉ የመቅረታቸው ነገር ከሌሎቹ የበዛ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ሁሉም መድን አላቸው። በትምህርት ቤት የቆዩበት ዓመት፣ ገቢያቸው፣ ሐኪም ዘንድ የሄዱበት ብዛት ሁሉ ታስቦ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። እንግዲያው ድሮ ስንተኛ ክፍል ደረሱ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ዛሬ በእጃቸው ያለውን ወረቀት አንብበው ይረዱታል ወይ ነው ጥያቄው።

ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ትርጉም አለው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ዛሬ 65 እና 70 ዓመት የሞላቸው እናቶች ገና ወጣቶች ነበሩ። ልጅ አዝለው ፊደል የቆጠሩ፣ የምስክር ወረቀትም የተቀበሉ አሉ። ከዚያ በኋላ ግን በብዙ ቤት የሚነበብ ነገር አልነበረምና የተማሩት ተረሳ። "ተምረዋል?" ቢባሉ "አዎ" ይላሉ፤ ውሸትም አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 ከመቶ ነበሩ። ከ49 በላይ ያሉት እናቶች በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉበትም።

ሌላው እንቅፋት ቃሉ ራሱ ነው። "ነቀርሳ" ስንል ለብዙ አረጋውያን ትዝ የሚላቸው የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ሳል ነው። "እኔ ሳል የለብኝም" ብለው ቢመለሱ ምን ይገርማል? "ቅድመ ካንሰር ተገኝቶብዎታል" ሲባሉ ደግሞ "ቅድመ" የሚለው ይጠፋና "ካንሰር" የሚለው ብቻ ጆሯቸው ላይ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው "ፖዘቲቭ" ነው። ይህ ቃል በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሲነገር የኖረው ስለ ኤች.አይ.ቪ. ነው። አንዲት እናት የማኅፀን በር ምርመራ ውጤታቸው "ፖዘቲቭ" እንደሆነ ቢሰሙና ማብራሪያው በወረቀት ብቻ ቢሰጣቸው፣ ያንን ወረቀት ለባላቸው ያሳያሉን? አጣጥፈው ፍራሽ ሥር ይከቱታል። ሕክምናውም በዚያው ይቀራል።

ታዲያ በቃል ምን እንንገራቸው? ረጅም አይደለም። የማኅፀን በር ካንሰር የሚመጣው ኤች.ፒ.ቪ. ከሚባል ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ከገባ በኋላ ወደ ካንሰር ለመለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ስለዚህ ሕመም ሳይኖር መታየት ትርጉም አለው። በጤና ጣቢያዎች የሚደረገው ምርመራ የማኅፀኑን በር እንደ አቼቶ ያለ ፈሳሽ ቀብቶ ማየት ነው። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በብርድ ወይም በሙቀት ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል። ቢላ የለም፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ7 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች በዚህ በሽታ ይያዙ ነበር፤ ከ5 ሺህ የሚበልጡትም ይሞቱ ነበር። አስቀድሞ ሊያዝ ለሚችል በሽታ ይህ ብዙ ነው።

ዕድሜን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በማስታወቂያው ላይ "ከ30 እስከ 49" የሚል ሲነበብ የሰሙ እናት "እኔንማ አልፎኛል" ብለው ይተዉታል። የአቼቶው ዓይነት ምርመራ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ እምብዛም አይመከርም፤ መታየት ያለበት ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ይህ ማለት ግን እርሳቸው ከአደጋው ወጥተዋል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ከ50 እስከ 65 ዓመት ያሉና ከዚያ በፊት ፈጽሞ ያልተመረመሩ ሴቶች የሚስማማው መመርመሪያ ባለበት ሁሉ ቅድሚያ ማግኘት ይገባቸዋል ይላል። ለእነርሱ የሚሆነው የቫይረሱ ምርመራ ነው፤ አገልግሎቱ በተዳረሰባቸው ቦታዎች ናሙናውን ራሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው መውሰድ ይችላሉ። በአሜሪካ ልጆቻቸው ዘንድ የሚኖሩ እናቶችም "65 ዓመት ከሞላ ምርመራው ይቆማል" ሲባል ይሰማሉ። የሚቆመው ቀደም ሲል በደንብ ሲመረመሩ ለኖሩት ነው፤ አንድም ቀን ላልታዩት አይደለም። እዚያ ደግሞ አማርኛን አጥርተው የሚያነቡት እንኳ በእንግሊዝኛ የመጣ ደብዳቤ ፊት ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው ናቸው።

ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ ደም ከታየ፣ ከግንኙነት በኋላ ከደማ፣ ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ ግን ቀጠሮም ዘመቻም አይጠበቅም፤ ዕድሜም አይቆጠርም። በቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ወረቀቱን ለእናት ማን ያንብብላቸው? ወንዱ ልጅ ቢሆን ያፍራሉ። የ12 ዓመቷ የልጅ ልጅ "የማኅፀን በር" እያለች ጮክ ብላ ብታነብ ሁለቱም ይሸማቀቃሉ። ስለዚህ ሴት ልጅ ወይም ምራት፣ ከሌሉም እናት የሚያምኗት አንዲት እህት ብቻቸውን ሲሆኑ ብታነብላቸው ይሻላል። ባሎች ሆይ፣ የእናንተ ድርሻ ሌላ ነው። ብዙ አባቶች ውጤቱን ራሳቸው ተቀብለው፣ ራሳቸው አንብበው፣ "ደህና ነሽ" ብለው ኪሳቸው ይከታሉ። ገንዘቡንና መሸኘቱን አትንፈጉ፤ ወረቀቱ ግን የእርሷ ነው።

በቤተ ክርስቲያንም በራሪ ወረቀት ከማደል ይልቅ በሴቶች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተመረመረች አንዲት እናት ተነሥታ እንዴት እንደነበር ብትናገር እጅግ ይጠቅማል። ያላነበቡ እናቶች የሰሙትን አይረሱም፤ ባለፈው ዓመት የተሰበከውን ሳይቀር ይነግሩናል። ነርሶች እህቶቻችንም "ገብቶዎታል?" ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ "አዎ" ነው። "ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ ምን ብለው ይነግሯታል?" ቢሉ ግን የገባውና ያልገባው ወዲያው ይለያል። የቀጠሮውም ነገር እንዲሁ ነው። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ቀን በካርድ ላይ ቢጻፍ ለማያነብ ሰው ምኑ ነው? ልጅ በስልኳ ትያዘው፤ እናት ደግሞ አሁን ዳዴ የምትለው የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት የምትገባበትን መስከረም ያስታውሱ።