ዕረፍት እንጂ ፈውስ ስላልሆነው የራስ እጥበት

የሰው ልጅ ራሱን በባለሙያ እጅ አሳጥቦና አሳሽቶ የሚያገኘውን ተድላ ለመንቀፍ ብዕር ያነሣሁ እንዳይመስል አስቀድሜ ላስታውቅ እወዳለሁ፤ ከሥራና ከሐሳብ ብዛት የደከመ አካል ዕረፍት ቢሻ፥ ዕረፍቱንም በገንዘቡ ቢገዛ፥ በዚህ የሚፈርድበት ሰው እርሱ ራሱ ደክሞ የማያውቅ መሆን አለበት። ነገር ግን ሄድ ስፓ በሚል ስም በጃፓን ተጀምሮ በሌሎችም የእስያ አገሮች የተስፋፋው፥ ከዚያም በቲክቶክ ምስሎች ታጅቦ ወገኖቻችን በብዛት ወደሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች የደረሰው የራስ ቆዳ እንክብካቤ፥ ዕረፍትን በሚሸጥበት በዚያው ጠረጴዛ ላይ ፈውስንም ሲቸረችር እየታየ ስለ ሆነ፥ ሁለቱን ለይቶ ማየት ለሚከፍለው ሰው ሁሉ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሥርዐቱ ከቤት ወደ ቤት ጥቂት ቢለያይም ዋናው መልኩ አንድ ነው። እንግዳው በጀርባው ይተኛል፤ መብራቱ ይደበዝዛል፤ ሠራተኛዋም ፀጉሩን በማበጠሪያ እየከፈለች፥ አጉልታ በምታሳይ ትንሽ ካሜራ የራሱን ቆዳ ትመለከትና ምስሉን በስክሪን ታሳየዋለች። ከዚያ በኋላ ዘይት ወይም የሞተውን ቆዳ የሚፍቅ ቅባት ይቀባል፥ በእንፋሎት ይታጠናል፥ ከግንባሩ በላይ እንደ ቅስት ከታጠፈ ቧንቧ ለብ ያለ ውኃ እየወረደለት በሻምፑ ይታጠባል፥ ራሱና አንገቱ፥ ትከሻውም ጭምር ይታሻል፥ በመጨረሻም ፀጉሩ ደርቆለት ይነሣል። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ዋጋው በአሜሪካ ጉርሻው ሳይቈጠር ከ100 ዶላር የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ቅቤ ተቀብታ ስቲም ውስጥ ተቀምጣ የምታውቅ የአዲስ አበባ ሴት ግን ከዚህ ዝርዝር ግማሹን ከማንም ሳትማር ታውቀዋለች።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ካሜራው ነው። ጤነኛ የሆነ ቆዳም ቢሆን ብዙ እጥፍ ጐልቶ ሲታይ ባለቤቱን ያስደነግጣል፤ በፀጉሩ መውጫ ዙሪያ የተጠራቀመው ቅባትና የሚረግፈው ቅርፊት ሕያው ቆዳ ዘወትር የሚያመነጨውና የሚጥለው ነገር ነው እንጂ ደዌ አይደለም። የቆዳ ሐኪሞችም በእርግጥ ደርማቶስኮፕ በሚባል ማጉያ ይገለገላሉ፤ ዳሩ ግን የሐኪሙ ጥበብ የሚገኘው በመስተዋቱ ሳይሆን፥ ያየውን ነገር ከበሽተኛው ታሪክ፥ ከደም ምርመራ፥ ካስፈለገም ከቆዳው ተቈርጦ ከሚመረመር ናሙና ጋር ለማገናዘብ በብዙ ዘመን በተማረው ትምህርት ነው። በእጥበት ቤቱ ግን በሽታውን የምታሳየው እጅ መድኃኒቱንም የምትሸጠው እጅ ናት። ከእጥበቱ በፊት የተነሣውን ምስል በኋላ ከተነሣው ጋር አስተያይታ «ይኸው ጸዳ» ስትል እውነቷን ነው፤ «ስለዚህ ፀጉርዎ ይበቅላል» ወደሚለው ስትሻገር ግን ማስረጃዋ እዚያው ስክሪኑ ላይ ያልቃል፤ የፀጉር ሥር የሚኖረው ሳሙናና ብሩሽ ከሚደርሱበት ገጽ በታች ጠልቆ ነውና።

በሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ፀጉር ይገኛል፤ እያንዳንዱም በየራሱ ዘመን ያድጋል፥ ያርፋል፥ ይረግፋል። የሚያድግበት ዘመን ከ2 እስከ 6 ዓመት ሲሆን በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የሚያርፍበት ጊዜ ደግሞ 3 ወር ያህል ነው፤ ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ የጤና ምልክት እንጂ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን ብርቱ ትኩሳት ያለበት ሕመም፥ ወሊድ፥ ቀዶ ሕክምና፥ ከባድ ኀዘን ወይም የሰውነት ክብደት በፍጥነት መቀነስ ሲያጋጥም፥ ገና ያድጉ የነበሩ ብዙ ፀጉሮች በአንድነት ወደ ዕረፍት ይገቡና ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ በእፍኝ ይረግፋሉ፤ ምክንያቱ ሲወገድም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማንም እርዳታ ተመልሰው ይበቅላሉ። የወለደች እናት በአራተኛው ወር ማበጠሪያዋን አይታ ደንግጣ በየወሩ ወደ እጥበት ቤት ብትመላለስ፥ ዓመቱ ሲሞላም ፀጉሯ ቢመለስ፥ ምስጋናው ለማን እንደሚደርስ መገመት አያስቸግርም። ከአቤሴሎም ዘመን ጀምሮ ሰው በፀጉሩ ሲመካ ኖሯልና፥ ፀጉሩ የተመለሰለት ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ከልብ የመነጨ ነው፤ ከልብ መሆኑ ግን እውነት አያደርገውም።

ራስን ማሸት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ዘጠኝ ጤነኛ ወንዶች ለ24 ሳምንታት በየቀኑ ለ4 ደቂቃ ራሳቸው በመሣሪያ ሲታሽ ቆይቶ፥ የፀጉራቸው ውፍረት በአማካይ ከ0.085 ወደ 0.092 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጥናቱን በማስታወቂያቸው የሚጠቅሱ ቤቶች ሰዎቹ ዘጠኝ ብቻ እንደ ነበሩና እሽቱ በየቀኑ እንጂ በወር አንድ ጊዜ እንዳልነበረ መጨመርን ይዘነጋሉ፤ ለአራት ደቂቃ የዕለት እሽት ደግሞ የገዛ ጣት ይበቃል። በዘር ምክንያት ለሚሳሳ ፀጉር በአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ቁጥጥር ከ1988 ጀምሮ የተፈቀደው በራስ ላይ የሚቀባ ሚኖክሲዲል እንኳ ሳይታክቱ ለወራት በየቀኑ ካልተጠቀሙበት ፍሬው አይታይም።

ፎረፎርም እንዲሁ ነው። መነሻው በቅባት ላይ የሚኖር ማላሴዝያ የተባለ ፈንገስ ስለ ሆነ፥ በእጥበቱ ቅርፊቱ ለጥቂት ቀናት ይጠፋል እንጂ ፈንገሱ ስፍራውን አይለቅም፤ ከፋርማሲ የሚገዛ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፑ ራስ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲታጠብ ከማንኛውም መዓዛው የጣፈጠ ዘይት የበለጠ ይሠራል። እናቶቻችን ቅር አይበላቸውና፥ ቅቤም ፀጉሩን ያለሰልሳል እንጂ ፎረፎር ላለበት የራስ ቆዳ የሚመከር አይደለም። ቆረቆር ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ በማበጠሪያና በፎጣ ከራስ ወደ ራስ ይተላለፋል፥ የሚድነውም ለሳምንታት በሚዋጥ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ከመተኛትዎ በፊት ማበጠሪያውና ብሩሹ በምን እንደሚጸዳ፥ ፎጣው ለእያንዳንዱ ሰው የሚለወጥ እንደ ሆነ ሳያፍሩ ይጠይቁ። በተለይም አንዳንዶቹ አልጋዎች ከገንዳው የወረደውን ውኃ በሞተር እየሳቡ መልሰው የሚያፈስሱ ናቸውና፥ የሚወርድብዎ ውኃ ከቧንቧ የመጣ አዲስ ውኃ መሆኑንና ገንዳው ከእርስዎ በፊት መታጠቡን ያረጋግጡ። በዚህ ጥያቄ የሚቈጣ ቤት ካለ መልሱን ሰጥቷል።

ስለ አንገትም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1993 ማይክል ዋይንትራውብ የተባሉ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ፥ በፀጉር ቤት አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀልብሰው ሲታጠቡ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ተጨንቆ ጉዳት የደረሰባቸውን አምስት ሰዎች ታሪክ ጽፈዋል። ነገሩ እጅግ የሚያጋጥም አይደለም፤ ተንጋሎ መታጠብም ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገትን በገንዳ ጠርዝ ላይ ከመስቀል ይሻላል። ሆኖም ዕድሜዎ የገፋ፥ ወይም የደም ግፊት ወይም የአንገት ሕመም ያለብዎ ከሆነ፥ አንገትዎ ሥር ፎጣ ተጠቅልሎ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ፤ ማዞር ቢሰማዎም ጨዋነት ይዞዎት ዝም አይበሉ። ደግሞም የናና፥ የቲ ትሪና ሽቶ የገባባቸው ዘይቶች አንዳንዱን ቆዳ ያስቈጣሉና፥ አንድ ሁለት ቀን አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛው ገጽ ላይ ጥቂት መሞከር ይገባል፤ ቁስል ወይም ችፌ ላለበት፥ በቅርቡም ቀለም ወይም ማለስለሻ ኬሚካል ለተቀባ የራስ ቆዳ ግን ሙከራውም ይቈይ።

ሹሩባ የምትሠራ እኅታችን ከሁሉ ይልቅ ልታስብበት የሚገባ ነገር አለ። ፀጉር እየተወጠረ ለብዙ ዘመን ሲጐነጐን በጆሮ ግንድና በግንባር በኩል ይሳሳል፤ በጊዜ ከላላ ይመለሳል፥ ከቈየ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። በጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ፥ ከአናት መካከል ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድና የፀጉርን ሥር ወደ ጠባሳነት የሚለውጥ ሌላ ደዌም አለ፤ ማቃጠልና ማሳከክ፥ ሲነኩትም ማመም ከምልክቶቹ ናቸው። ጠባሳ የሆነን ሥር የሚያስነሣ ዘይትም ሆነ እንፋሎት አልተገኘም፤ ሐኪም ሊያደርግ የሚችለው ያልጠፋውን ማዳን ብቻ ነው። እንግዲህ በእነዚህ ቤቶች ላይ ያለኝ ትልቁ ነቀፌታ የሚያስከፍሉት ብር አይደለም፤ «ስድስት ጊዜ ይመላለሱ፥ ለውጡን ያያሉ» በሚል ተስፋ ያች ሴት ለሐኪም ልታውለው የሚገባትን ወራት መውሰዳቸው ነው።

ፀጉርዎ በድንገት መርገፍ ከጀመረ፥ ወይም አናትዎ ላይ የሚያቃጥል የሳሳ ስፍራ ካዩ፥ ለእጥበቱ ያዘጋጁትን ገንዘብ አስቀድመው ለቆዳ ሐኪም ይክፈሉት፤ ሐኪሙ ደዌ የለብዎትም ካለ፥ በሚመጣው ቅዳሜ ሄደው ያለ ሐሳብ ተኝተው ይታጠቡ።