ስቱካን እናውቃለን፤ መልካ ዲዳንስ?

የግቢያችን ተማሪ የጀርመኑን ስቱካ አሳምሮ ያውቀዋል። እንደ ጭልፊት ቁልቁል ሲወረወር፣ የተገጠመለት ሳይረን ሲያላዝን በፊልም አይቶ በአድናቆት ያወራል። ስለ ስፔኗ ገርኒካም ግጥም ይጽፋል። ደግ አደረገ! ግን «መልካ ዲዳ የት ነው?» ብትሉት ዝም። እኛም ብንሆን እስከ ቅርብ ጊዜ ከዝምተኞቹ ነበርን። የሚያንገበግበንም ይኸው ነው።

እስቲ ቀኖቹን እናስተያይ። ስቱካ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙከራ የበረረው መስከረም 6 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በ16ኛው ቀን፣ መስከረም 22፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች አድዋን ደበደቡ። ኅዳር 26 ደሴ ተቃጠለች። ታኅሣሥ 20 ደግሞ በገናሌ ወንዝ ዳር፣ መልካ ዲዳ ላይ፣ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ቁስለኞች ያክም የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር በቦምብ ጋየ። በሽተኛው በአልጋው ላይ አለቀ። ገርኒካ የተደበደበችው ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው፤ ከመልካ ዲዳ 16 ወር ያህል ዘግይታ! ታዲያ ዓለም ለየትኛዋ አለቀሰ?

«ምን ይደረግ፣ ጦርና ጎራዴ አውሮፕላንን አይችልም» የሚሉን አሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ካፕሮኒ የተባለው የጣሊያን ቦምብ ጣይ ሦስት ሞተር ያለው፣ እግሩን ማጠፍ የማይችል ቀርፋፋ ነበር። ጀግና ያደረገው ባዶው ሰማያችን ነው። የነበሩን አውሮፕላኖች ጥቂትና ለውጊያ የማይሆኑ ነበሩ። ወረራው ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ እንዳይሸጥልን አገዱ፤ በኋላም የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ሳይነካ ተወው። የቦምብ ጣዩ ነዳጅ እንዲህ ነው የተቀዳው!

ስቱካም ያው ነው። በፖላንድና በፈረንሳይ ሰማይ ያስፈራው የሚመክተው ስላነሰ ነው። በ1932 ዓ.ም. ነሐሴ እንግሊዝ ላይ ስፒትፋየርና ሃሪኬን ሲገጥሙት እንደ ቅጠል ረገፈ፤ ከዚያ ዘመቻም ወጣ። ካፕሮኒውም እዚሁ አገራችን ላይ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ የደቡብ አፍሪካና የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች ሲመጡበት በአየርም በምድርም ነደደ። የነዚህ ማሽኖች መነሣትም መውደቅም ምሥጢሩ አንድ ነው፦ መከላከያ በሌለው ላይ አንበሳ፣ አቻ ሲገኝ ፍየል።

ስለዚህ ማሽን ማምለክ ይብቃን። የደቡቡ ግንባር አዛዥ ግራዚያኒ በገዛ አገሩ፣ አፊሌ በምትባል ከተማ፣ በ2004 ዓ.ም. መታሰቢያ ቆሞለታል። ገዳዩ ሐውልት ሲሠራለት የሟቹ ልጅ የገዳዩን መሣሪያ ያደንቃል? ይህ ድንቁርና ነው፤ ተማሪ ሲሠራው ደግሞ ነውር ነው።

ሐዋሳ ያኔ ከተማ ሆና አልተቆረቆረችም። ይርጋለም ግን ነበረች፤ ነገሌም ነበረች። ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩት ዛሬ ቢገኙ እንኳ ከዘጠና በላይ ናቸው። ከነሱ አፍ የሰሙ ልጆቻቸው ግን በየሰፈራችን አሉ፤ አንዳንዶቻችን አያት እያልን ቡናቸውን የምንጠጣ። በመጪው እረፍት ደብተርና እርሳስ ይዘን እንሂድ፤ በሲዳምኛም በኦሮምኛም በአማርኛም ይንገሩን፤ እንጻፈው። ለገርኒካ የጻፍነውን ግጥም አንቅደደው። ከጎኑ ግን የመልካ ዲዳው ይቀመጥ። እኛ ካልጻፍነው ማን ይጻፈው?