ላፕቶፕ በስሙ ሳይሆን በጉልበቱ ይመረጥ

እንደሚታወቀው በዛሬው ጊዜ ላፕቶፕ ለመምህር እንደ ጠመኔና እንደ መጽሐፍ ሁሉ የሥራ መሣሪያ እየሆነ መጥቷል። የዓመት እቅድ፣ የዕለት ትምህርት ዝግጅት፣ ፈተናና የተማሪ ውጤት በኮምፒዩተር ቢሠራ ድካም ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ከመካከላችን አንዳንዶቻችን እቁብ ገብተናል፤ ሌሎቻችን ደግሞ ቤተሰቦቻችን በቁይ ገበያ ጤፍ ወይም ወይፈን ሸጠው የሚልኩልንን ገንዘብ እንጠብቃለን።

ታዲያ ገንዘቡ ሲገኝ በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ ምንድን ነው? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በየክፍሉና በየሻይ ቤቱ የሚነሳው «ፕሌይስቴሽን 2 ያጫውታል ወይ?» የሚለው ነው። ምክንያቱም ብዙዎቻችን ያደግነው በየከተማው ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ወረፋ ጠብቀን፣ በጨዋታ ልክ እየከፈልን ኳስ በመጫወት ነው። ያንኑ ጨዋታ በላፕቶፕ ለመጫወት የሚያስችለው ፕሮግራም ኢሙሌተር ይባላል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «መምህር ሊሆን የመጣ ሰው ስለ ጌም ያወራል እንዴ!» ብለው ይቆጣሉ። እኛ ግን ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም በደንብ ከተመረመረ የወይፈኑን ገንዘብ ከብክነት የሚያድነው እሱ ነው እንላለን።

ለምን ቢባል፣ ኢሙሌተር አንድ ማሽን ሌላውን ማሽን መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ሥራው የአስተርጓሚ ሥራ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 በየካቲት 1992 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ የዋናው ፕሮሰሰሩ ፍጥነት 295 ሜጋኸርዝ ያህል፣ ዋናው ራሙም 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር። በቁጥር ብቻ ሲታይ ተራ ላፕቶፕ ከዚያ አሥር እጥፍ ይፈጥናል። ይሁን እንጂ በዚያ ማሽን ውስጥ በአንድ ጊዜ አብረው የሚሠሩ በርካታ ክፍሎች አሉ። ኢሙሌተሩ የእያንዳንዳቸውን ትእዛዝ ላፕቶፑ ወደሚያውቀው ቋንቋ እየተረጎመ ሁሉንም እኩል ማስኬድ አለበት። ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ የሚያስተረጉም ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ደካማ ላፕቶፕ ጽሑፍ ሲጻፍበት ደህና ይመስልና፣ ኢሙሌተር ሲከፈትበት ኳሱ ይንቀረፈፋል፤ ድምፁም ይቆራረጣል። ጉልበቱ የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

ገበሬ አባቶቻችን በሬ ሲገዙ የቆዳውን ቀለም አይተው ብቻ ገንዘብ አይቆጥሩም። አፉን ከፍተው ጥርሱን ያያሉ፤ ትከሻውን ይዳስሳሉ። የላፕቶፕስ ጥርሱ የት ነው? ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ሻጭ «ይሄ እኮ ኮር አይ 7 ነው!» ቢለን ይህ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። በነዚህ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጄኔሬሽኑን ይናገራል፤ 7500 ቢል 7ኛ፣ 8250 ቢል 8ኛ ማለት ነው። ኮር አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው ኮር አይ 5-8250ዩ ግን አራት ኮር አለው። የፕሌይስቴሽን 2 ኢሙሌተር የሆነው ፒሲኤስኤክስ 2 ደግሞ ሥራውን ከአንድ በላይ ለሆኑ ኮሮች ማካፈል ይችላል። በስም ያነሰው በሥራ በለጠ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የጨዋታውና የሥራው ጉዳይ ይገናኛሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው ከጥቂቶች በስተቀር 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው። በመሆኑም 8ኛ ጄኔሬሽን፣ አራት ኮር፣ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ የፈለገ ሰው ብዙዎቹን የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታዎች ይጫወትበታል፤ የትምህርት ዝግጅቱንም ለዓመታት ይሠራበታል። ስለ ጌም የጠየቀው ሰው ሳያስበው ለሥራውም በጎ ነገር ጠየቀ።

ነገር ግን ለሁሉም ልክ አለው። «ፕሌይስቴሽን 3 ካላጫወተ አልገዛም» ከሚሉት ጓደኞቻችን ጋር የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። እሱን በደንብ ለማስኬድ ስድስትና ስምንት ኮር፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድም ሊያስፈልግ ነው። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ዋጋው የሚያስደነግጥ ሲሆን የብዙዎቹ ቻርጀር ከ100 ዋት በላይ ይፈልጋል። ተራው ላፕቶፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ45 ወይም በ65 ዋት ይሞላል። ነገ ተመርቀን ከከተማ ርቆ በሶላር ብቻ በሚሠራ ትምህርት ቤት ብንመደብ የትኛው ይጠቅመናል? መልሱ ግልጽ ነው። ገንዘብ ያጠረውም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው ፒፒኤስኤስፒፒ የተባለው ኢሙሌተር የእጅ ማጫወቻ የሆነውን የፒኤስፒን ጨዋታዎች በአሮጌ ላፕቶፕ፣ በስልክም ጭምር ያጫውታል።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ሁለቱም ኢሙሌተሮች በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ጨዋታዎቹ ግን ባለቤት አላቸው። በአገራችንም የቅጂ መብትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ነገ ተማሪን «አትኮርጅ» የምንል ሰዎች ዛሬ የሰውን ሥራ በፍላሽ እየገለበጥን ብናድር ምን ዋጋ አለው?

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ማንም ሰው ብቻውን ሄዶ አይግዛ፤ የሚያውቅ ጓደኛ አብሮት ይሂድ። ሁለተኛ፣ ሻጩ ፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀርን ይክፈት፤ የፕሮሰሰሩን ስም፣ የኮሩን ብዛትና ራሙን በዓይኑ ይይ። ተለጣፊው ሊዋሽ ይችላል። ሦስተኛ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ ኢሙሌተሩን ለግማሽ ሰዓት ያስኪድ፤ ባትሪው ቶሎ ከወረደ ወይም ማሽኑ እንደ ምጣድ ከጋለ ይተወው። አራተኛ፣ የኮምፒዩተር አሠልጣኞቻችን እቁቡ ከመውጣቱ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ሰጥተው ይህንኑ በተግባር ቢያሳዩን ትልቅ ውለታ ነው።

ቤተሰብ ወይፈኑን የሸጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛ ወይፈን የለም። ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ ስለ ጌም መጠየቅን አንፈር፤ ግን ጥያቄያችን ከጨዋታው አልፎ እስከ ፕሮሰሰሩ ይድረስ።